ክፍት በርና ዝግ አፍ

በጠራራ ፀሐይ የተከፈተ ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ታቅፎ የሰው አጥር ጥግ ጥጉን የሚሄድ ሰው ካየሁ ዝም ብዬ የማልፍ ዓይነት አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የማይመለከተኝን ነገር መጠየቅ ሥራዬ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ ደሞዙ ቀነሰ እንጂ ልማዱ አልቀነሰም። በዚያ ላይ ያን ዕለት ጠዋት ለስኳር ምርመራ ምግብ ሳልቀምስ ነበር ከቤት የወጣሁት፤ በባዶ ሆድ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም።

ያን ዕለት ያየኋት ወጣት ከሰፈራችን የሕክምና ላቦራቶሪ አጥር ውጭ ካለችው ቧንቧ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ኮምፒውተሩን አየች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ቆመች።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አልኳት፣ ድምፄን ጠንከር አድርጌ።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «አልጠፋብኝም መምህር። የማልፈልገውን ነገር አገኘሁ እንጂ። እንዴት አደሩ?»

ያኔ ነው ያወቅኋት። የባለመነጽሯ የእህት ልጅ ናት። አስተምሬያታለሁ፤ ወንዝን ከባሕር ወደ ተራራ እያስወጣች የምትስል ተማሪ ነበረች። ዛሬ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሆናለች። ወንዙን ትታ ሌላ የሚፈስ ነገር ላይ ተሰማራች ማለት ነው።

ባለመነጽሯ የላቦራቶሪው ባለቤት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ዓይናቸው ላይ ባለው መነጽር ሳይሆን ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው በሚያዩበት ማይክሮስኮፕ ነው። ሰፈሩ በሁለት ነገር ያመሰግናቸዋል፤ በራቸው ክፍት ነው፣ አፋቸው ዝግ ነው። መንገደኛ ውሃ ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ እንዲሄድ ከአጥራቸው ውጭ ቧንቧ አስተክለዋል። ኢንተርኔት የገባ ጊዜም ያንኑ አደረጉ። ዋይፋዩን «ግቡ» ብለው ሰየሙት፣ የይለፍ ቃል አያስፈልግም አሉ፣ ዕቃውንም መንገደኛ እንዳይቸገር ብለው መንገድ ዳር ካለው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም በየጠዋቱ ከቧንቧዋ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣዬን የማነበው በእሳቸው ነው።

«ምን አገኘሽ ታዲያ?» አልኳት።

«በኋላ አሳይዎታለሁ። አሁን ቸኩያለሁ። አክስቴ ዛሬ እንግዳ ተቀባይዋን ሊያሰናብቱ ነው። ሳላስጥላት ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

ወሬውን ያልሰማ የለም። የመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ሰርጓ ደርሷል። ደሟን ለምርመራ ሰጥታ፣ ውጤቷን ለመውሰድ ገና ሳትመጣ፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሻይ ቤቱ በሙሉ ያወራ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ላቦራቶሪው መጣች። ባለመነጽሯ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶባቸው አያውቅም። በማቆያው ክፍል፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንግዳ ተቀባይዋን «ወረቀቱን የነካነው እኔና አንቺ ነን። እኔ አልተናገርኩም። ሌላውን አንቺ ጨርሺው» አሏት። እንግዳ ተቀባይዋም «እኔም አልተናገርኩም» አለች። ምስጢር አወጣች ተብላ ከዚህ ከተባረረች ማንኛውም ጤና ጣቢያ ደጃፉን አያስረግጣትም። ሙያዋም ስሟም አንድ ላይ ያልቃል።

ተያይዘን ገባን። እንግዳ ተቀባይዋ በመስኮቷ ጀርባ ተቀምጣ እንደወትሮዋ ስም እየጠራች ሰው ታስተናግዳለች። ከወንበሯ ሥር ግን የላስቲክ ከረጢት አየሁ፤ የውሃ መጠጫዋን፣ ነጠላ ጫማዋንና ጃንጥላዋን ሰብስባበታለች። አላለቀሰችም። ሲያዩአት ሆድ የሚያባባው ይሄው አለማልቀሷ ነበር።

ባለመነጽሯን ከውስጠኛው ክፍል ከማይክሮስኮፓቸው ላይ አገኘናቸው። የእህታቸው ልጅ ሰላምታዋን እንደጨረሰች ነገሩን ቀጥታ ጀመረች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር እንዲያዳምጡኝ እለምንዎታለሁ። ምስጢሩ ከዚህች ልጅ አፍ አልወጣም ብዬ አምናለሁ። የወጣው ከዋይፋዩ ነው።»

ባለመነጽሯ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ለእሷ አዝነሽ እንደሆነ እኔም አዝኛለሁ። ግን ጥፋትን በዕቃ ማሳበብ አልወድም። ዋይፋይ አፍ አለው እንዴ?»

«አፍም ጆሮም አለው። ያ መስኮቱ ላይ ያለው ራውተር ይባላል። ኢንተርኔቱ ከውጭ በገመድ ይመጣና እሱ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ደግሞ በነዚህ አንቴናዎች በሬዲዮ ሞገድ ይበትነዋል። በእርስዎ ኮምፒውተር፣ በማተሚያው፣ በመምህር ኪስ ባለው ስልክም ውስጥ ያንን ሞገድ የሚሰማና የሚመልስ ትንሽ ሬዲዮ አለ። እርስዎ አትም ብለው ሲያዙ ውጤቱ ከኮምፒውተርዎ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ተመልሶ ወደ ማተሚያው በአየር ይሄዳል።»

«ማተሚያው እኮ ይኸው አጠገቤ ነው!»

«አጠገብዎ ነው። መንገዱ ግን በመስኮቱ በኩል ነው። ሞገዱ ደግሞ ግድግዳ አያቆመውም፤ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤቱ ድረስ ይደርሳል።»

ባለመነጽሯ ወደ ማተሚያው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። እኔም በአስተማሪ ደንብ የማውቅ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይድረስ እንበል» አሉ። «አየር ላይ የሚሄደውን ነገር ማን ያየዋል?»

«አክስቴ፣ ይህን እርስዎ ይጠይቁኛል? በዓይን የማይታይ ነገር እያዩ አይደል የኖሩት? መሣሪያ ያለው ሰው ያያል።»

ይህቺ መልስ አንድ ለዜሮ ናት አልኩ በልቤ። ባለመነጽሯ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም።

«እሺ። ዕቃውን የሠራው ፋብሪካስ ምስጢር እንዲጠብቅ አድርጎ አይሠራውም ነበር? ጅል ነው?»

«አድርጎታል። ይኸውልዎ፣ የአንዱ ፋብሪካ ስልክ ከሌላው ፋብሪካ ራውተር ጋር የሚግባባው ሁሉም የተስማሙበት አንድ ደንብ ስላለ ነው። ስታንዳርድ ይባላል፤ በየጊዜው ይታደሳል። ዋይፋይ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሲሉ የሚሰሙት የዚያ ትውልድ ቁጥር ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ይፈጥናል፣ ብዙ ሰው ይችላል። ቁልፉም ትውልድ አለው። የመጀመሪያው ደብሊው ኢ ፒ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ይሰብረዋል። በሱ ፋንታ ደብሊው ፒ ኤ መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ አሁን ሦስተኛው ላይ ደርሰናል። እነዚህ ቁልፎች በአየር የሚሄደውን ጽሑፍ መንገደኛ ቢይዘው እንኳ ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ ያደርጉበታል። ምስጠራ የሚባለው ይሄ ነው። የእርስዎ ራውተር ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ያውቃል። ምስጠራው ግን እንዲጠፋ ተደርጓል።»

«እኔ ነኝ ያስጠፋሁት» አሉ ባለመነጽሯ፣ በኩራት። «ኢንተርኔቱን ያስገባው ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይምረጡ ሲለኝ በእኔ ቤት ቁልፍ የለም አልኩት። እናቴ በሩን የዘጋ ሰው ዕድሉን ዘጋ ትል ነበር። ለመንገደኛ ውሃ የሰጠሁ ሴት ይሄን ልከለክል? ነገ ደግሞ ቧንቧዋን ቁረጪ ልትዪኝ ነው!»

«ቧንቧዋ ትኑር አክስቴ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጠጥቼባታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለመንገደኛው ውሃ ሰጡ። የሰው ደም ያለበትን ማቀዝቀዣ ግን ከቧንቧዋ አጠገብ አውጥተው አስቀመጡት?»

ያን ጊዜ፣ የነፃው ጋዜጣዬ ጉዳይ ስላሳሰበኝ ነው መሰለኝ፣ ሳልጠየቅ ገባሁበት።

«ልጄ፣ አሁንስ አበዛሽው» አልኩ። «መንገደኛው ሁሉ ሌባ ነው እንዴ? ሰው በሰው ካልተማመነ ሰፈር ምን ይሆናል?»

«ስልክዎን ይስጡኝ እስቲ መምህር።»

ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ነካ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። «ከየትኛው ዋይፋይ ጋር ነው የተገናኙት?»

«ከግቡ ነዋ። ይኸው ግቡ ይላል።»

«ይህ የአክስቴ ግቡ አይደለም። ጠዋት በአጥሩ ሥር ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው። አንድ ሰው ከዚያ ማዶ ካሉት ሱቆች በአንዱ ሌላ ራውተር ከፍቶ ያንኑ ስም ሰጥቶታል። ስልክ ስም ያውቃል እንጂ ሰው አይለይም፤ ጉልበት ያለው ሞገድ ከመጣለት ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የሚልኩት ሁሉ በዚያ ሰው እጅ በኩል ያልፋል። በዚህ ከባንክዎ ጋር ተነጋግረውበታል?»

ጡረታዬ መግባቱን የማየው በየወሩ ከዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው።

«ባንኩ የራሱ ምስጠራ ስላለው ተርፈው ይሆናል» አለችኝ አዝናልኝ። «ግን ዕድልዎን ደጋግመው አይፈትኑት።»

ስልኬን ወስጄ ዋይፋዩን አጠፋሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ስንቱን ተማሪ መክሬአለሁ! የመከርኩትን ያህል ለራሴ ባስብ ምን ነበረበት? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በክርክሩ ወገን ቀየርኩ፤ ማንም ግን ልብ አላለኝም።

ባለመነጽሯ ግን ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። «ይህ የመምህር ስልክ ነው። የኔ ውጤት እንደወጣ በምን አውቃለሁ? በግምት ሰው አይባረርም ካልሽ፣ በግምትም ሰው ነፃ አላወጣም።»

«ልክ ነዎት» አለች የእህታቸው ልጅ። ደስ ያላት ትመስል ነበር። «እንሞክረው። ሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በራስዎ፣ በፈቃድዎ። እኔና መምህር ሻይ ቤት ሄደን እንቀመጣለን። እርስዎ በሩን ዘግተው ማንም የማያውቀውን፣ ለማንም ያልተናገሩትን አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ያትሙ። ወረቀቱንም ይቅደዱት። ከዚያ ተመልሰን እንመጣለን። ካላነበብኩት ዳግመኛ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፍስም።»

«ልጅቷስ?»

«ካላነበብኩት እንዳሰቡት ያድርጉ።»

የሰውን እንጀራ በአንድ ሙከራ ላይ ማስያዝ ደፋርነት ነው። መንገዱን ስንሻገር «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። «በሙያዬ እርግጠኛ ነኝ» አለችኝ።

ሻይ ቤቱ እንደወትሮው ሞልቷል፤ ግማሹ ሰው ሻይ፣ ግማሹ ሰው የባለመነጽሯን ኢንተርኔት ይጠጣል። ጥግ ይዘን ተቀመጥን። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሻይ ስታቀርብልን ወሬ ሳታቀርብ አታልፍምና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«መምህር፣ ሰሙ? ሙሽራዋ እኮ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው አሉ! ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ዕድሜዋን አጥፋ ሰፍታው ኖሯል!»

ዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ። እኔም፣ አይፈረድብኝ፣ ሳቅሁ። ልጅቷ ሃያዎቹን ያጋመሰች መሆኗን ማንም ያያል። ወሬ ሲያረጅ እንዲህ ይጃጃላል ብዬ ተውኩት።

የእህታቸው ልጅ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ከኮምፒውተሩ አልተነቀለም። ድንገት ጣቷ ቆመ። አንድ ጊዜ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከደነችው።

«መጣ?» አልኳት።

«መጥቷል። እዚህ ግን አላነበውም። ሰው አለ።»

ተመልሰን ስንገባ ባለመነጽሯ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ጠበቁን። የእህታቸው ልጅ ምንም ሳትናገር ኮምፒውተሩን ከፍታ ወደሳቸው አዞረችው። በጎን አጮልቄ ያየሁት ይህን ነው፦

«ይህችን ልጅ ከማባርር እጄ ቢቆረጥ እመርጣለሁ። ግን የሰው ምስጢር ነው፤ ምን ላድርግ?»

ባለመነጽሯ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ወጣ።

«ያንቺ እጅ ላይ ስለወደቀ ነው እንጂ… አንቺ ተምረሽዋል። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለውን ማን ይችላል?»

«ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል አክስቴ። ያ ስምዎን ሰርቆ ራውተር የከፈተው ሰው ለዚህም አያንስም። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ የማላውቀውንም ስም አልጠራም።»

«ይቻላል ማለት ግን ተደርጓል ማለት አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ዝምታ ስለማልችል ነገሩን ለማለዘብ ያህል ቀልድ ቢጤ ጣል አደረግሁ።

«እንዲያው የሻይ ቤት ሰው ወሬ አያልቅበትም። ሙሽራዋ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው እያሉ ይስቃሉ።»

ባለመነጽሯ ቀና አሉ። «ስንት?»

«ሃምሳ ሦስት። ዕድሜዋን ሰፍታ ደብቃ…»

«ሃምሳ ሦስት ብለዋል? ሌላ ቁጥር አይደለም?»

«ሃምሳ ሦስት ነው የሰማሁት» አልኩ። ፊታቸውን ሳይ ቀልዴ አፌ ላይ ደረቀ።

«እኔ አዲስ ገጽ አልከፍትም» አሉ ባለመነጽሯ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ያለፈውን ሰው ገጽ አወጣና በላዩ ላይ ስሙንና ውጤቱን ቀይሬ እጽፋለሁ። ልማዴ ነው። ከልብስ ሰፊዋ በፊት የሠራሁለት ሰውዬ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ስሙን ቀየርኩ፣ ውጤቱን ቀየርኩ፣ ዕድሜውን ረሳሁት። አተምኩት። እንደወጣ አየሁት፤ እዚሁ ቆሜ ቀድጄ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ጣልኩት። አስተካክዬ ሁለተኛ አተምኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ከእኔ የተቀበለችው የታረመውን ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ከእኔ በቀር ዓይኑ ያየ ሰው የለም።»

«ከኮምፒውተሩ እስከ ማተሚያው ባለው አየር ላይ ካየው ሰው በቀር» አለች የእህታቸው ልጅ፣ በቀስታ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል እንዲህ ነው። ባለመነጽሯ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አፌ ዝግ ነው ብለው ዕድሜ ልካቸውን የኮሩ ሴት ያፈሰሱት ራሳቸው መሆናቸውን ሲያውቁ ማየት ያሳዝናል። አዘንኩላቸው። ነገር ግን አደነቅኋቸውም፤ አንዲት ሰበብ አልፈለጉምና።

«ጥሪልኝ» አሉ።

እንግዳ ተቀባይዋ ገባች። ከረጢቷን ይዛለች፤ የተጠራችው ለስንብት መስሏታል።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው፣ ግን እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አሏት ባለመነጽሯ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው።

ልጅቷ ከረጢቷን መሬት አስቀመጠችና ትንሽ አሰበች። ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«እማማ፣ ይቅርታዎን እቀበላለሁ። ነገር ግን ስሜ የወደቀው እዚያ ማቆያው ውስጥ፣ በሰው ፊት ነው። ጓዳ ውስጥ ላነሳው አልችልም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አላበዛሽውም?» ይል ነበር። ባለመነጽሯ ግን ነጭ ጋዋናቸውን አስተካክለው፣ ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቀድመው ወጡ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ስሙኝ» አሉ። «እዚህ ቆሜ ይህችን ልጅ ምስጢር አወጣሽ ያልኳት ጊዜ ከመካከላችሁ የሰማችሁ አላችሁ። ዋሽቻለሁ። እሷ ንጹሕ ናት። የሰው ውጤት ያለ ቁልፍ አየር ላይ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ያልሰማ ይስማ፤ ለሻይ ቤቱም ንገሩልኝ። ወሬ ማድረስ እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።»

አንድ ሽማግሌ አጨበጨቡ። እንግዳ ተቀባይዋ ከመስኮቷ ጀርባ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ቀጣዩን ስም ጠራች፤ ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው። ስሙን በዕንባ መካከል ነበር የጠራችው፤ የተጠራውም ሰው ደንግጦ ውጤቴ ምን ሆኖ ነው ብሎ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል የእህታቸው ልጅ ያኑ ዕለት ሥራውን ጀመረች። ከኮምፒውተሩ እስከ ማተሚያው ገመድ ዘረጋች፤ «ገመድ በሚደርስበት ቦታ አየርን አያስቸግሩ» አለች። ራውተሩን ከመስኮቱ አንሥታ ወደ መካከለኛው ክፍል አስገባችው፣ ሞገዱም ከአጥሩ እምብዛም እንዳያልፍ ጉልበቱን ቀነሰች። የራውተሩን አሠራር ለመቀየር የሚጠየቀው ማዘዣ ቃል ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው ሆኖ አገኘችውና ቀየረችው። ያረጀ ፕሮግራሙን አደሰች። አዲሱን ቁልፍ፣ ሦስተኛውን ትውልድ፣ አበራች።

ባለመነጽሯ ከኋላዋ እየተከተሉ ጠየቁ። «ስሙን ብንደብቀውስ? እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል አሉ።»

«ስም መደበቅ ቁልፍ አይሆንም፤ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። ረጅም የይለፍ ቃል ይሻላል። የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር አይሁን። የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ቢያያዙ ለእርስዎ ለማስታወስ ይቀላሉ፣ ለሌባው ይከብዳሉ።»

«መንገደኛዬስ?»

የእህታቸው ልጅ ፈገግ አለች። ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር የቆየችው። «ለመንገደኛው ሌላ አውታር፣ የራሱን ዋይፋይ፣ እከፍትለታለሁ። ከዚያው ራውተር ይወጣል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ኮምፒውተርዎን አያይም፣ ውጤት አያይም። ቃሉ በማቆያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቧንቧዋ ደጅ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ።»

«ይኸን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ ባለመነጽሯ። በቧንቧዋና በማቀዝቀዣው ምሳሌ ነግራቸው ነበር፤ ግን ያኔ የሚሰማ ጆሮ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም።

በማግስቱ ባለመነጽሯ ራሳቸው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደው ጥፋታቸውን ተናገሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሰርጉ ግን በቀኑ ሆነ፣ ባለመነጽሯም ተጠርተው ከፊት ተቀመጡ። ያ ሐሰተኛው «ግቡ» በዚያው ሰሞን ከአየር ጠፋ፤ ባለቤቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሱቆቹ መካከል በአንዱ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ይሆናል። ይጠጣ። የሚያነበው ግን የለም።

አንባቢዬ ሆይ፣ መምህር ነኝና ሳልመክር አልለቅህም። ቤትህ ያለው ራውተር ማዘዣ ቃሉ ከሱቅ እንደመጣ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። ቁልፉ የትኛው ትውልድ እንደሆነ እይ። እንግዳህን ውደደው፣ ግን የራሱን መግቢያ ስጠው። የምታውቀውን ስም ስላየህ ብቻ ገብተህ አትገናኝ። ደግነት ቁልፍ አይጠላም፤ ባለመነጽሯ ዛሬም እንደ ድሮው ደግ ናቸው፣ ዛሬ ግን የሰውን ጓዳ እየከፈቱ አይቸሩም። ልብስ ሰፊዋም፣ እኔም፣ ሌላውም ደማችንን ስንሰጥ ያለ ስጋት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእንግዶቹ አውታር ሰው ሲበዛበት ይንቀራፈፋል። በቀደም ጋዜጣዬ አልከፈት ብሎ አናደደኝና ወደ እንግዳ ተቀባይዋ መስኮት ሄጄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የውስጡን ቃል እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

«የእርስዎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል መምህር» አለችኝ በፈገግታ።

«እኔ እኮ ቤተኛ ነኝ!»

«ቤተኛ ነዎት። ግድግዳው ላይ ነው።»

ተከፍቶ በነበረው በር አንገቴን አስግጌ ለባለመነጽሯ አቤት አልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሡ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው መለሱልኝ።

«በከንቱ አይልፉ መምህር። ቃሉን የመረጠችው እሷ ናት፤ እኔም እንኳ ስፈልግ እሷን ነው የምጠይቀው። ከዚያች ልጅ አፍ ምስጢር ወጥቶ አያውቅም።»